ቀይ ክር

አክበረት ምንጣፍ አጣቢ አታምንም፤ ሁሌም ይቀይሩብኛል ባይ ናት። ስለዚህ ምንጣፏን ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ላለው አጣቢ ከመስጠቷ በፊት፣ ከጀርባው ጥጉ ላይ ቀይ ክር ሰፍታ ሦስት ጊዜ ቋጠረችው። ለልጇ ለዊንታ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ልትወስደው ሄደች። አጣቢው ሉልሰገድ የተጠቀለለውን ምንጣፍ ሲያቀብላት፣ "እስቲ ዘርጋው" አለችው።

"ማዘር፣ እኛንም ይጠረጥራሉ?" እያለ ዘረጋላት።

አበባው የእሷ ነው። ዊንታ በካውያ ያቃጠለችው ቦታም አለ። ጎንበስ ብላ ጥጉን ገለበጠችው። ክሩ የለም፤ መርፌ የገባበት ምልክት እንኳ አይታይም።

ወደ ቤት ደወለች። "ዊንታዬ፣ ምንጣፉን ቀየሩብኝ። እሱ ላይ ሆነን የተነሳነውን ፎቶ ላኪልኝ።"



"በእናቴ ስልክ የምትደውይው ማን ነሽ?"

"ምን ሆነሻል? እናትሽ ነኛ።"

"እናቴ እዚሁ ናት። ጠዋት ከአጣቢዎቹ ያመጣችው ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከጥጉ ቀይ ክር እየፈታች ነው።"

ከዊንታ ኋላ ሌላ ድምፅ ገባ። አክበረት ድምፁን አወቀችው፤ የራሷ ነው።

"አትመኚያት፣ ልጄ።"