ዝም ያለችው ልጅ

ከለንደን የተመለሰው ጠበቃ ዘርጋው በደሴ ቤተ መጻሕፍት የእንግሊዝን የውል ሕግ ለተማሪውም ለሌላውም ያስረዳል።

«‹ፈረስህን ሽጥልኝ› ብዬህ ዝም ብትል፣ በእንግሊዝ ሕግ ውል የለም። ዝምታ እሺታ አይደለም።»

«ለጋብቻስ?» አለች ከኋላ የተቀመጠች፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዘርጋውም ሳቀ።

«ለጋብቻማ እኔን ጠይቁኝ! በወጣትነቴ የጎረቤታችንን ልጅ ‹አግቢኝ› ብላት ዝም አለችኝ። አልፈለገችኝም ብዬ አገር ለቅቄ ሄድኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ላጤ ነኝ።»

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም።

«እኛ ሰፈር ሴት ልጅ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነበር። ሽማግሌ ትልካለህ ብዬ ስንት ዘመን ጠበቅኩህ፣ ዘርጋው!»

ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

«አስካለ? . . . አሁንስ ብጠይቅሽ?»

«እሺ!» አለች፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ።