ከፎቶው የጎደለው ሰው

«ፎቶ አንሺው እስኪሄድ አጥናፉ ጓዳ ይቆይ።» በታላቅ እህታቸው ሰርግ ይህን ያለችው እናቷ ትሁን አክስቷ፣ ዛሬ በቅጡ አታስታውሰውም። አእምሮውን የሚያመው ወንድሟ አጥናፉ ግን ከሰርጉ ፎቶ ሁሉ ጎደለ።

አድጋ እሷው ፎቶ አንሺ ሆነች። ሦስት ዓመት ሙሉ ወንድሟን አነሳችው፤ መድኃኒቱን ሲውጥ፣ ጠበል ሲጠመቅ፣ ከዶሮዎቹ ጋር ሲከራከር። ፎቶዎቹን የምታሳይበት ዐውደ ርእይ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ፈቃዱን ጠየቀችው።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አያቸውና «አልፈቅድም» አለ።

«ምነው ወንድም ዓለም? አፈርክ እንዴ?»

«ምን ያሳፍረኛል፣ እንዲህ አምሮብኝ! አንቺ ግን አንዱም ላይ የለሽም። ማነው ጓዳ የከተተሽ?»

ሳቋ መጣ። «የቱን ልጫን?» ለምትለው እናቷ ካሜራውን ሰጥታ፣ ከዶሮዎቹ መካከል አጠገቡ ቁጢጥ አለች።