የራት ሰዓት ትንበያ

ምርጫ ጣቢያ ከቀረ ወዲህ ድምፅ የሚሰጠው በወሬ ነው። «እገሌ ያሸንፋል» ያለ ሰው ድምፁን ለእገሌ እንደሰጠ የቤቱ ግድግዳ ሰምቶ ይመዘግባል። የሺመቤትና ባሏ ተካልኝ ዕጩውን ደጀኔን ዓይኑን ማየት ይጠላሉ፤ ተካልኝ ግን ራት ላይ ካልተነበየ እህል አይወርድለትም።

«መቼም ይሄ ደጀኔ...» ሲል አጎረሰችው።

«እውነቱን ለመናገር ደጀኔ...»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብላ ደገመችው።

«ኧረ ጠገብኩ! ደጀኔ እኮ...»

ሦስተኛውን በግድ ጠቀጠቀችበት።

«ወይ አበሳዬ! ሰውዬው እንደሆነ ማሸነፉ አይቀርም፤ አንተን ምን ያስለፈልፍሃል?»

ግድግዳው በትሕትና መለሰ፦ «የሺመቤት፣ ድምፅዎ ለአቶ ደጀኔ ተመዝግቧል። እናመሰግናለን።»

ተካልኝ አፉ እንደሞላ አፈጠጠባት። እሷን በጊዜ ያጎረሳት አልነበረም።