ምድጃው በተከፈተ ቀን

«ታጠቢና ልብስሽን ቀይረሽ ነይ» ይለኛል እጮኛዬ፣ ከምድጃው ጠርዝ ራቅ ብሎ ቆሞ። እናቱ ሳይናገሩ መጥተው ጥበቃው ጋ ተቀምጠዋል። እሑድ ቤታቸው ልንሄድ ነበር፤ እስከዚያ መጠበቅ አልሆነላቸውም።

አልችልም እለዋለሁ። ለሳምንታት ሲጋገሩ የከረሙት የከሰል ብሎኮች የሚወጡት ዛሬ ነው። አሞራው የምንለው ክሬነኛችን የመጀመሪያውን ከተቀበረበት የከሰል ዱቄት ውስጥ መዝዞ ሁለት እንጨት ላይ አሳርፎታል፤ እኔ አይቼ ካላሳለፍኩት ሁለተኛውን አያነሳም። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ከሰል ነኝ።

እጮኛዬ ግዢ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ከሰሉን የሚያውቀው በወረቀት ነው። እናቱ ሰውን አንዴ አይተው ይፈርዳሉ። ታላቅ ወንድሙ ያመጣትን ልጅ ገና ከበር አይተው አይሆንም ብለዋል፤ አልሆነም። እጮኛዬ ደግሞ ጭራሽ እኔን አልሙኒየም ፋብሪካ ነው የምትሠራው ብሎ ነግሯቸዋል። አልዋሸሁም፣ አሳጥሬ ነው ይላል።

ልመልስለት ዞር ስል እናቱ ከኋላው ቆመዋል። ጥበቃው የራሱን ሄልሜት አጥልቆላቸው ቅንድባቸው ድረስ ወርዷል።

እጄን ልዘረጋ ብዬ ጥቁረቱን ሳይ እመልሰዋለሁ። እሳቸው ግን የሚያዩት ከአልጋ የሚረዝመውን ብሎክ ነው።

«አልሙኒየሙስ?»

«እዚህ የለም፣ እማማ። አልሙኒየም የሚመረትበት ገንዳ ወለሉ ይሄ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚህ ነው። ከተሰነጠቀ ቅልጡ አልሙኒየም ሾልኮ ገንዳውን ይበላዋል።»

መሰንጠቁ በምን እንደሚታወቅ ይጠይቁኛል። ትንሿን መዶሻ አሳያቸዋለሁ፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው ይታፈናል፣ የቀረውን ላቦራቶሪ ይጨርሰዋል እላቸዋለሁ። ንግግሬን ሳልጨርስ መዶሻውን ከእጄ ይወስዱና ይመቱታል።

ድምፁ አዳራሹን ዞሮ ይመለሳል።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

አሁን ወደ እኔ ይዞራሉ። አውራ ጣታቸውን ጉንጬ ላይ ያሳርፋሉ፣ ወደ ታች ይስባሉ፣ ጣታቸውን ያያሉ። እጮኛዬ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። ሰው ለሚለው ግድ የለኝም ስል የኖርኩት እኔም ትንፋሼን ውጫለሁ።

ጣታቸውን በልጃቸው ነጭ ሸሚዝ እጅጌ ላይ ይጠርጉታል።

«እሷስ ሠርታ ነው። አንተ ምን ሠርተህ ነው ደሞዝ የሚከፍሉህ?»

የምድጃ ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ይስቃሉ። እጮኛዬ እንደተሰደበ ሳይሆን እንደተሸለመ ሰው እጅጌውን እያየ አብሯቸው ይስቃል። እናቱን ቢሮ ሄደን ሻይ እንጠጣ ይላቸዋል። የሰሙት አይመስሉም። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ሄልሜቱን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ ክሬኑ ላይ ወዳለው አሞራው ይጮኻሉ።

«አንተ ልጅ፣ ቀጣዩን አውጣው እንጂ። ልጄን ሥራ አታስፈታት።»

አሞራው በመስኮቱ ወደ እኔ ያያል። ራሴን ነቅንቄ ምልክት እሰጠዋለሁ። ከታች፣ ከጥቁሩ ዱቄት ውስጥ፣ ሁለተኛው ብሎክ ከሰሉ ከጎንና ጎኑ እየፈሰሰ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ እሳቸው አጠገቤ፣ መዶሻውን ከፍ አድርገው ይጠብቁታል።