የሲፈን እህት

«ሌላ ፊት ያላት አሻንጉሊት ልስጥዎት አባባ... ዋጋም አልጠይቅዎትም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የልጅ ልጄ ታውቃለች።»

«እንዴት ታውቃለች? ዓይኗ አያይም አላሉኝም?»

«ለዚህ ነዋ የምታውቀው» አሉ ኦቦ መገርሳ። «በጣቷ ነው የምታየው። በጣቱ የሚያይን ሰው ደግሞ አታታልይውም።»

ገለቴ ያነሳችውን አሻንጉሊት መልሳ አስቀመጠች...

ገለቴ ቡራዩ ውስጥ አሻንጉሊት በእጇ የምትሠራ ልጅ ናት። የአሻንጉሊቶቿ ፊት እንደ ሲኒ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ከሚወጣ ሸክላ ነው። መጀመሪያ የፊቱን ቅርጽ በጄሶ ታወጣለች፣ የቀጠነውን ሸክላ እዛ ውስጥ ታፈሳለች፣ ከዛ ምድጃ ይገባል።

ገና ማንም ሳያውቃት አንዷን ሰበታ ባዛር ላይ ለኦቦ መገርሳ በትንሽ ብር ሸጠችላቸው። እሳቸው ከሰበታ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አሻንጉሊቷን ለልጅ ልጃቸው ለኤቢሴ ሰጧት። ኤቢሴም ሲፈን ብላ ስም አወጣችላት።

ያንኑ ፊት ያላትን ሁለተኛዋን የገዙት ሱሉልታ የሚኖሩ ወይዘሮ ኢየሩስ የሚባሉ ሴት ናቸው። አሻንጉሊት ይሰበስባሉ።

ሠላሳ ሺህ ብር ከፈሉ... ገለቴ ስልኳ ላይ የገባውን ብር ስታይ ተሳስተው ነው ብላ ልትመልስላቸው ነበር።

ወይዘሮ ኢየሩስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት። ይህ ፊት ሌላ ቦታ አለ? ሰበታ አካባቢ አንዲት ልጅ ጋ አለ አለቻቸው። እንግዲያው ከዚህ በኋላ እንዳይኖር አሏት። አንድ ፊት በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል።

ገለቴ እዛው ፊታቸው ጄሶውን በመዶሻ ሰበረች። ደግማም ላትሠራው ቃል ገባች።

ሌሎች ሰብሳቢዎችም ይህን ሰምተው መጡ። የምትኖረው በዚያ ቃል ነው ማለት ይቻላል...

አሁን ግን ሲፈን የለችም። ኤቢሴ ባጃጅ ውስጥ ሳለች ከእጇ አመለጠች። ከኋላ የመጣ ሲኖትራክ ዱቄት አደረጋት።

ኤቢሴ ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆና ትማራለች። ከእረፍት የምትመለሰው ሰኞ ነው። ተኝታ የምታወራው ከሲፈን ጋር ስለነበር፣ ያለ እሷ አልሄድም ብላለች። አያቷ ቢለምኗትም እሺ አላለችም። ኦቦ መገርሳ ያንኑ ፊት ፍለጋ ገለቴ ጋ የመጡት ለዚህ ነው።

የገለቴ ጓደኛ መከረቻት። ፎቶዋ ስልክሽ ላይ አለ፣ በድብቅ ሥሪያት፣ የሱሉልታዋ ሴትዮ መጥተው የገጠር ልጅ ጉያ አይፈትሹ አለቻት።

«እኔ ግን አውቃለሁ» አለች ገለቴ።

በማግስቱ ሱሉልታ ሄደች። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸውና አንድ ብቻ እንድሠራ ይፍቀዱልኝ ብላ ለመነች።

ወይዘሮ ኢየሩስ እስከ መጨረሻው ሰሟት። የልጅቷን ስም ጠየቁ። ቤቷ የት እንደሆነ ጠየቁ። ከዛ መስታወት ውስጥ ወደቆመችው አሻንጉሊት ዞሩ።

«እንግዲህ የኔዋ ብቻዋን ቀረች ማለት ነው።»

«አዎ እትዬ።»

«ዋጋዋም ጨመረ።»

«...አዎ።»

«እንግዲያው አትሠሪም። ቃል ቃል ነው።»

ገለቴ ታክሲ ውስጥ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና እያለቀሰች ተመለሰች።

አውቃለሁ... እናንተም አሁን ሴትዮዋን እየረገማችኋቸው ነው። እኔም ስሰማ ረግሜያቸው ነበር።

እሁድ ገለቴ ሌላ አሻንጉሊት ይዛ ኦቦ መገርሳ ቤት ሄደች። እንዳልተሳካላት በስልክ ልትነግራቸው ከብዷት ነው።

ደጃፉ ላይ መኪና ቆሟል።

ገባች...

ወይዘሮ ኢየሩስ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ኤቢሴ ከጎናቸው ናት። እጇ ላይ ያለችው ያቺ የመስታወቷ አሻንጉሊት ናት።

ልጅቷ በጣቷ ግንባሯን ዳሰሰች... ቅንድቧን... አፍንጫዋን... አገጯ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺ ሲፈን አይደለችም።»



«ሲፈን እዚህ ጋ ጭረት ነበራት» አለች ኤቢሴ። «ፊቷ ግን የሷ ነው... እህቷ ናት እንዴ?»

«አዎ፣ እህቷ ናት» አሉ ወይዘሮ ኢየሩስ። «ሱሉልታ ነበር የምትኖረው።»

«እሱማ ያስታውቃል። እጇ በረዶ ሆኗል።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኤቢሴ ግን አልሳቀችም፤ አሻንጉሊቷን በአያቷ ጋቢ እየጠቀለለቻት ነበር።

«ገለቶሚ ልጄ» ብለው ኦቦ መገርሳ ወይዘሮ ኢየሩስን በኦሮምኛ አመሰገኑ። 

ወደ መኪናው ሲሄዱ ገለቴ ወይዘሮ ኢየሩስን ጠየቀቻቸው። እንዲህ ሊያደርጉ ከነበረ ለምን እንድሠራ አልፈቀዱልኝም?

«አንቺ ብትሠሪ ቃልሽ ይፈርሳል፣ ነገ የሚያምንሽ የለም። እኔ የራሴን ብሰጥ ማን ይጎዳል?»

«ዋጋዋ ግን...»

«ጨምሯል። ርካሽ ነገርማ ማንም ይሰጣል።»

ሰኞ ኤቢሴ ትምህርት ቤቷ ገባች። ቦርሳዋ ውስጥ ጋቢ የለበሰች አሻንጉሊት ነበረች...

ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርኩት፦ ሰውን ለመርዳት ብለን ቃላችንን ማፍረስ የለብንም፤ ከራሳችን ማጉደል እንችላለን። «አይሆንም» ያለን ሰው ሁሉ ደግሞ ክፉ አይደለም። አንዳንዱ የተሻለ መንገድ እያሰበ ይሆናል።

እናንተስ... በዓለም ላይ አንድ ብቻ የቀረ ነገር ቢኖራችሁ ለማታውቋት ልጅ ትሰጡ ነበር? ወይስ ገለቴን «በድብቅ ሥሪላት» ትሏት ነበር?

እውነቱን ጻፉልኝ። ለመመለስ አፍራለሁ እንጂ ሁሉንም አነባለሁ።