ሀብቱ ሸራ የገዛ ሰሞን

ሀብቱ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው። እንጅባራ ውስጥ የተጣለ ሬዲዮ ካለ ለቅሞ፣ ሽቦውን ከሽቦ ቀጣጥሎ ያናግረዋል እንጂ፣ አዲስ ዕቃ ይዞ ከሱቅ ሲወጣ ያየው የለም። ምን ልበላችሁ፣ አምፖል ሲቃጠልበት እንኳ አራግፎ መልሶ ይሰቅለዋል።

ያ ሰውዬ ነው እንግዲህ፣ አንድ ቀን ከዳንግላ አዲስ የመኪና ባትሪ ታቅፎ የመጣው።

ታላቅ እህቱ የሻረግ በር ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። ግቢያቸው አንድ ነው፤ እሷ ከፊት ቤት፣ እሱ ከጓሮ።

«ይኼ ደግሞ ለምንህ ነው?»

«ለመኪናዋ ነዋ፣ እትዬ።»

«ዶሮ እንቁላል ለምትጥልባት?»

እውነቷን ነው፤ አሮጌዋ ፒክአፕ ከቆመች ስንት ክረምት አልፏታል፣ ጎማዋን ሳር ውጦታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሀብቱ መልስ አያጣም፣ አፈኛ ነው። ያን ቀን ግን አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

በማግስቱ ጎማ ገዛ። ከዚያ ረጅም የመብራት ሽቦ፣ ከዚያ አምፖል፣ ከዚያ ማከፋፈያ። ኋላ ደግሞ ሰማያዊ ሸራ መጣ፤ ትልቅ፣ በባጃጅ አልገባ ብሎ ጫፉ ውጭ የተንጠለጠለ።

«ለእንጨቱ ነው፤ ዝናቡ አበሰበሰው» አለ።

እንጨት! የእሱ እንጨት አንድ እቅፍ አይሞላም።

የሻረግ ልቧ ስንጥቅ ያለው ያኔ ነው። እንዲህ ያለ ሸራ ግቢ ውስጥ ለምን እንደሚወጠር ማን ያጣዋል? ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ። ሠርግ ከሆነ ደግሞ ሰው ይጠራል እንጂ አንገት አይደፋም።

አስማረ የሚባል ልጅ አላት። ሹፌር ነው፤ ከሰል ጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳል። መንገዱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ክፍት ነው ሲሉት ዝግ፣ ሰላም ነው ሲሉት ተኩስ። ከሄደ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። «ኔትወርክ ነው» ይሏታል። ኔትወርክ!

ሴት ልጇ ሜላት ሀዋሳ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። የእሷስ ሐሳብ የለም፤ በየማታው እየደወለች የምታስቃት እሷ ናት። ሰሞኑን ግን የማታ ፈረቃ ገብታለች ብሏታል ሀብቱ፤ ሥራ ላይ ደግሞ ስልክ አይፈቀድም። «ሜላትን ባገኛት እኮ አትዋሸኝም» እያለች ነበር የምትብሰከሰከው።

ሀብቱ ሬዲዮዋን ሊወስድ መጣ።

«ላስተካክልልሽ።»

«ምን ሆነና? ጠዋት እንኳ ሲለፈልፍ ነበር።»

«ድምፁ ይንኮሻኮሻል። ስልክሽንም አምጪው፣ ባትሪው አብጧል፤ ይፈነዳብሻል።»

ሁለቱንም ታቅፎ፣ ፊቷን ሳያይ ወጣ።

የሻረግ ነጠላዋን ደርባ ማዶ ካለው ሱቅ ሄደች። የሱቁ ጌታ ይሄነው የራሱን ስልክ አውጥቶ ደወለላት። የአስማረ ዝግ ነው። የሜላት ዝግ ነው። ይሄነው ሌላ ጊዜ እንዳያት በነገር ይጠቃቅሳት ነበር፤ ያን ቀን ሳሙና መደርደር ጀመረ። ሳሙናው ቀድሞውንም የተደረደረ ነው።

ማታ ጎረቤቷ እናትነሽ ምግብ ይዛ ገባች።

«ይጉረሱ እንጂ፣ እትዬ የሻረግ።»

«ምነው እንዲህ አጨናነቅሽኝ፣ ልታሳርጂኝ ነው?»

«ኧረ ምን ነካዎት! ይቺን ብቻ፣ በሞቴ።»

ሰው መርዶ ከሰማ ወዲያ እህል በአፉ አይዞርም፤ ስለዚህ በዋዜማው ሳይነግሩ ያበሉታል። የሻረግ ራሷ ስንቱን እንዲህ አጉርሳለች። የእናትነሽን እጅ ከነጉርሻው ገፋችው።

«እናትነሽ፣ ልጄ ሞቷል?»

«ማን? አስማረ? ደህና ነው እትዬ! ማርያምን፣ አስማረ ደህና ነው!»

የሻረግ አላመነቻትም። ስንቱ ምሎ እንዳረዳ ታውቃለቻ።

ሊነጋጋ ሲል መኪናዋ ስትነሳ ሰማች። መኪናዋ ወጥታ ሄደች፤ ቆይታ ተመለሰች። ብዙ እግር ግቢው ውስጥ ጭቃውን ረገጠ። በሩ ተገፋ። መጀመሪያ እናትነሽ ገብታ ምድጃውን ከነፍሙ፣ ቢላውንም ከመደቡ አንስታ አወጣች። ከዚያ መኪናዋ ከአዘና ያመጣቻቸው ዘመዶች ገቡ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ክንዷን ያዙ። ማንም እንዴት አደርሽ አላለም።

ሀብቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ...»

«አትንገረኝ!» የሻረግ ጆሮዋን ልትደፍን ታገለች፤ እጇን አለቀቋትም። «በእናትህ፣ ሀብቱ! ፀሐይዋ ትውጣ። እስክትወጣ ድረስ እንኳ ልጅ አለኝ ልበል!»

«እማዬ» አለ አንድ ድምፅ ከደጅ።

አስማረ ነበር። በሁለት እግሩ የቆመ፣ አቧራ የለበሰ፣ ዓይኑ የቀላ አስማረ።

ከሴቶቹ እጅ ተስፈንጥራ ወጣች። ፊቱን ዳበሰች፣ ደረቱን መታች፣ አንገቱን አሸተተች። ሞቃት ነው። ይተነፍሳል። እየሳቀች፣ እያለቀሰች እልልታዋን ለቀቀችው።

«አንተ ሀብቱ! ምን በድዬህ ነው በሸራህ የምታርደኝ? ልጄ ይኸው! ይኸው ቆሞ!»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ምን ትገተራላችሁ፣ እልል በሉ እንጂ! ስልኬን ስጡኝማ፣ ለሜላት ወንድምሽ ደህና ገባ ልበላት!»

አስማረ እናቱን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዛትና፣ «እማዬ፣ ሜላትን ሀዋሳ ቀብሬ ነው የመጣሁት» አላት።