ሁለት ራይት

«ምንም እንዳይታየኝ አድርገህ ስጠኝ፤ አንተ ስልክ ሠሪ አይደለህ?» አለች አባይነሽ፣ ስልኳን በጀርባው ገልብጣ ለገብረመስቀል እያቀበለችው። ጭኗ ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አለ፤ ለአራስ ልጇ የያዘችው ነው። ሚኒባሱ ከሶዶ ከወጣ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም፤ ስልኩ ግን አምስት ጊዜ ጮኋል።

ገብረመስቀል ስልክ መጠገን ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ሱቁ ገበያው ጫፍ ላይ ስለሆነ የማያውቀው የለም። «አብራልኝ» ያለው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም፤ «እንዳይታየኝ አድርግልኝ» ያለው ግን ይህች የመጀመሪያዋ ናት።

«ምኑ ነው እንዳይታይሽ የፈለግሽው?»

«የልጅ ልጄ።»

ልጇ ሜላት ዛሬ ንጋት ላይ ዱቦ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወልዳለች፤ የመጀመሪያዋ ናት። ከጠዋት ጀምሮ በቴሌግራም ፎቶ በፎቶ ላይ ትልካለች። እናት ሆዬ አንዱንም አልከፈተችም።

«ምን ሆነሽ ነው እህቴ? የልጅ ልጅሽ እጅሽ ላይ ቁጭ ብላ?» ገብረመስቀል በዚህ ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም። ስልክን የሚያማ ሰው አይወድም። ጉራጌ አገር ያለችውን አክስቱን ድሮ ለመስቀል ብቻ ነበር የሚያያት፤ አሁን ማታ ማታ ፊቷን እያየ ነው የሚያወራት።

«አምና እህቴ ቦምቤ ከተማ ቤት ሠራች» አለች አባይነሽ። «ሠላሳ ፎቶ ላከችልኝ። ሳሎኑን አየሁ፣ ኮርኒሱን አየሁ፣ ሽንት ቤቱ እንኳ አልቀረኝም። በስልክ እልል አልኩላት። ኋላ ሄጄ በሩ ላይ ስቆም የምለው ጠፋኝ። ‹አላማረሽም እንዴ?› ብላ አኮረፈችኝ። ደስታዬን እዚያው ስልኩ ላይ ጨርሼው ነዋ። ይህቺን ግን መንገድ ላይ አልጨርሳትም። ታቅፌ ነው የማያት።»

ከኋላ ወንበር መምህር ሲላስ አንገቱን አስገባ። «እውነቷን ነው። የእኔ ተማሪዎች ሰሌዳውን ፎቶ አንስተው ውልቅ ነው። መጻፍ ቀረ።»

«አንተ ደግሞ ሁሉንም ነገር ተማሪ ጋ ነው የምትወስደው» አለ ሾፌሩ፤ ተሳፋሪው ሳቀ።

ገብረመስቀል ኖቲፊኬሽኑን ሊያጠፋ ስልኩን ከፈተ። ስክሪኑ ቅቤ ነክቶት ያሟልጫል። ሚኒባሱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አውራ ጣቱ አዳለጠውና ፎቶው ፊቱ ላይ ድቅን አለ።

ሕፃኗ በፎጣ ተጠቅልላ አንድ ዓይኗን ጨፍና በሌላው ትገላምጣለች። ግንባሯ ሰፊ ነው፤ ቅንድቧ መሀል ደግሞ ቋጠር ያለች ነገር አለች። ገብረመስቀል ቀና ብሎ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴት አየ። ያው ግንባር፣ ያው ግልምጫ።

«ምነው?» አለችው።

«ምንም።» ስልኩን ገለበጠው።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሜላት ደወለች። አባይነሽ እጇ ቅቤ ስለሆነ ገብረመስቀል ላውድ ላይ አድርጎ ያዘላት። እናትና ልጅ የሚያወሩት በወላይትኛ ነው፤ እሱም ሶዶ ተወልዶ ያደገ ነውና አንዲት ቃል አላመለጠችውም።

«እማዬ፣ አይተሽ ዝም ትይኛለሽ?» የሜላት ድምፅ ተሰብሯል።

«ምኑን አየሁት?»

«ፎቶው ሁለት ራይት ሆኗል እኮ። ከፍተሽዋል። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ቃል ስጠብቅ... ወንድ ስላልሆነች ነው?»

አባይነሽ ክው አለች። «ኧረ ልጄ፣ ጌታ ምስክሬ ነው አላየሁም።»

«ታዲያ ማን ከፈተው?»

በገብረመስቀል እጅ የተበላሸ ስልክ ጥቂት አይደለም፤ የእናትና ልጅ ነገር ሲያበላሽ ግን ገና ዛሬ ነው።

«እኔ ነኝ ልጄ» አለ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «ገብረመስቀል እባላለሁ፤ ሶዶ ስልክ እሠራለሁ። እናትሽ እንዳይታየኝ አድርግልኝ ብላ ሰጠችኝ፤ እጄ አዳልጦኝ ከፈትኩት። እሷ ‹ታቅፌ ነው የማያት› ብላ ይኸው ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ተቀምጣለች። ቅቤው ጭኗ ላይ ሊቀልጥ ነው።»

ከስልኩ ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ነገር መጣ። «ማንን ትመስላለች ጋሼ?» አለች ሜላት።

«እሱን አልናገርም። እናትሽ ከዚህ በሕይወት አታስወርደኝም።»

ዱቦ ሲደርሱ አባይነሽ ቅቤዋን አቅፋ ወረደች። ገብረመስቀል ስልኩን በመስኮት ቢዘረጋላትም አልተቀበለችውም።

«አንተ ጋ ይቆይ። ነገ ከሱቅህ እወስዳለሁ።»

ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ሮጥ ሮጥ እያለች ሄደች። በዚህ ዘመን ሰው ስልኩን ትቶ ሲሄድ ገብረመስቀል አይቶ አያውቅም፤ ደግሞ ደስ አለው።

ሾፌሩ ጎማ ልይ ብሎ ወረደ። ጎማው ምንም አልሆነም። «እንሂድ» ያለ ተሳፋሪም የለም።

ስልኩ ገብረመስቀል መዳፍ ላይ ጠራ። «ሜላት» ይላል። አላነሳውም። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

«አንሳውና መጣች በላት እንጂ» አለ ሲላስ።

«የእኔ አይደለም።»

እንደገና ጠራ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጮኸና አራተኛውን ሳይጨርስ ከመሀል ተቋረጠ።

ገብረመስቀል ስልኩን ገልብጦ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ግባና ንዳ» አለው ሾፌሩን፣ «ደርሳለች።»